የሩቁ ጉድጓድ ትንፋሽ

ሐምሌ 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜ ቶኩማ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ እንዳስቀምጥለት ጠየቀኝ። መቱ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሐኪሞቹ ልቡ መድከሙን ነግረውን፣ ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት ብለው ሸኝተውናል። እሱ ግን ሥራውን አልተወም።

ሥራው ከእኛ እጅግ የራቀ ነው። ኦጋዴን በረሃ ውስጥ በሙከራ ላይ ያለ አንድ የነዳጅ ጉድጓድ ጥቂት ይፈስና ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ይነሣል። ቶኩማ የጉድጓዱንና ነዳጁን የያዘውን አለት ጠባይ በኮምፒዩተር እያስመሰለ፣ ቫልቩ ምን ያህል ቢከፈት ሳይቋረጥ እንደሚፈስ ይፈልግ ነበር። እስከ ሰኞ ጠዋት መልስ ካልላከ የኩባንያው ሰዎች ጉድጓዱን ሊደፍኑት ወስነዋል።

«ለየብቻ ሳሰላቸው ሁለቱም ጤነኞች ናቸው» አለኝ። «ሳገናኛቸው ነው የሚታመሙት። ጉድጓዱ አለቱ ከሚችለው በላይ ይስባል። ያልቅበትና ይቆማል።»

ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ መክብብ ሊጠይቁት መጥተው ጃንጥላቸውን በር ላይ አራገፉ።

«አንተ ቶኩማ! እስቲ አንድ ጀሪካን ወደዚህ ልቀቅልን። ባጃጆቹ ማደያው ጋ ተሰልፈው ሊያድሩ ነው።»

«ጋሼ፣ ቧንቧውን እርስዎ ይዘርጉ፤ ነዳጁ ከእኔ» አለና ሣቀ። ሣቁ መሀል ላይ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ስክሪኑ ላይ የጉድጓዱን ፍሰት የሚያሳይ አንድ አረንጓዴ መስመር ከፍ ይላል፣ እየሰለለ ይወርዳል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል። የወንድሜም ትንፋሽ በሽታው ከጠናበት ወዲህ እንዲያው ነው፤ እየበረታ ይመጣል፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ ለጥቂት ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል። ሁለቱ አብረው ይነሣሉ፤ አብረው ይቆማሉ። ጋሽ መክብብም አይተው ኖሮ ከስክሪኑ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ስክሪኑ ይመለከታሉ። አማተቡ።

«ዝጊው፣ ተጂቱ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ቶኩማ ቫልቩን ሰፋ አድርጎ ሞከረ። መስመሩ ተነሥቶ ወደቀና ቀረ። ትንፋሹም ቀረ። ስሙን እየጠራሁ ትከሻውን ነቀነቅኩት።

«ማል ታቴ?» አለ ዓይኑን ገልጦ። «ምን ሆንሽ? እየሠራሁ እኮ ነው።»

«በቃ ተወው! ይድፈኑት፤ አንተ ትብሳለህ።»

«ካቆምኩትማ በምን ልተንፍስ?»

ቀልድ መሆኑን ፊቱ ላይ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

ጣቶቹ ስለዛሉ እሱ እየነገረኝ ቁልፎቹን እኔ ተጫንኩ። ቫልቩን ጠበብ፣ ደግሞ ጠበብ አደረግነው። መስመሩ መዋዠቁን እየተወ መጣ፤ በመጨረሻም እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ተጓዘ። ቶኩማም እንደ ጤነኛ ሰው ሳያቋርጥ ተነፈሰ። ፊቱ ላይ ወዝ ተመለሰ።

«ይኸው። ላኪው።»

ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ሥራው ሲያልቅ የሚመጣውን ፈራሁ።

«ትንሽ እንቆይ» አልኩት።

«ሰዎቹ እየጠበቁ ነው፣ ተጂ።»

ላክሁት። መስመሩ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ወንድሜ አንዴ በረዥሙ ተነፈሰ፤ አልደገመም። ጋሽ መክብብ ላፕቶፑን ከጭኑ ላይ አንሥተው ሲዘጉት፣ እንደ ሕያው ነገር ትኩስ ነበር።

ሰኞ ቀበርነው። ቫልቩን እሱ ባለው ልክ ከፈቱት፤ ጉድጓዱም ነሐሴን ሙሉ ሳይቋረጥ ፈሰሰ። መስከረም ላይ የሙከራው ጊዜ ስላበቃ ዘጉት።