ዳገቱና የጉድጓዱ ውሃ

አባቴ በሕይወቱ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አርባ ዓመት አንድም ሰው ሳይገጭ መንዳቱና ጓሮው ውስጥ በገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ። ውሃው ከየትም ውሃ ይጣፍጣል፤ ይህን እኔም አልክድም። እንግዳ ሲመጣ ቀድቶ የሚያቀርበው ከዚያ ነው፤ መኪናውንም የሚያጠጣው ከዚያው ነው።

ከአራት ወር በፊት እናቴን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ስንወስዳት መኪናው ወደ ከተማ በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ፈላ። ኮፈኑን ከፍተን ሞተሩ እስኪበርድ ስንጠብቅ ረፈደ። ሆስፒታል ስንደርስ ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አሁን ማክሰኞ ጠዋት ለሦስት ሰዓት አዲስ ቀጠሮ አላት። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል፤ ይህም ካለፈ ዓይኗን መመለስ አይቻልም። አውቶቡሱ ደግሞ ከቀትር በፊት ከተማ አይገባም።

አባቴ ጥፋቱን ሁሉ ለዳገቱ ሰጠው። ያ ዳገት ያላፈላው መኪና የለም ይላል። ይህን ሲል ግን እናቴ ወዳለችበት አያይም።

እኔ ልብስ ንጽህና ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። የእንፋሎት ካውያችን አንድ ወር የቧንቧ ውሃ ከጠጣ ቀዳዳዎቹ በነጭ ቅርፊት ይደፈናሉ። ስለዚህ አለቃችን የምታስገባበት ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው፤ ፈልቶ እንፋሎቱ ብቻ የተጠራቀመ፣ ጣዕም የሚባል የሌለው ውሃ። የመኪናውም ራዲያተር በጉድጓዱ ውሃ እንዲሁ ተደፍኖ ይሆናል ብዬ ስነግረው አባቴ አርባ ዓመት የነዳ ሰው ከካውያ ምክር አይቀበልም አለኝ። ቆየና ደግሞ እንግዲያው የጉድጓዱን አፍልቼ ላስገባው አለ። ሲፈላ የሚሞተው ጀርሙ እንጂ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ቅርፊት የሚሠራው ድንጋይ አይደለም ብዬ ብመልስለት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ክርክራችን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

እልኸኝነቱን የወረስኩት ከማን ሆነና። ቅዳሜ ጸጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ መኪናውን ይዤ መካኒክ ጋ ሄድኩ። መካኒኩ የራዲያተሩን ቱቦ ፈትቶ በጣቱ ነጭ ቅርፊት ፈቅፍቆ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከካውያዬ የማወጣው ራሱ ነበር። ሁለት ጊዜ በማጽጃ አጠበው፤ ከዚያ ኩላንት የሚባለውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ዲስትልድ ውሃ እኩል ቀላቅሎ ሞላው። ቅርፊቱን በወረቀት ጠቅልዬ ለአባቴ ሰጠሁት። ገልጦ አየው፣ መልሶ ጠቀለለው፣ ኪሱ ከተተው። እሺ ያለ መሰለኝ።

ማክሰኞ ገና ሲነጋጋ ብወጣ ኮፈኑ ተከፍቷል። አባቴ የጉድጓዱን ውሃ በጄሪካን አንጠልጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊፈታ እጁን ሰዷል። በጣም ተናደድኩ። ሄጄ በእሱና በሞተሩ መካከል ቆምኩ።

«አባዬ፣ ይህ ውሃ ያሳደገኝ ውሃ ነው። ለመኪናው ግን አይሆንም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ...»

«አርባ ዓመት ነድተሃል። ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ።»

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ከቦታዬም አልተነቃነቅሁም። በመጨረሻ ጄሪካኑን መሬት አስቀምጦ ከኋላ እናቴ አጠገብ ገብቶ ተቀመጠ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። የሙቀት መለኪያው ቀስት መሃል ላይ ነበረች። ያለፈው ጊዜ የቆምንበትን ጥግ አለፍነው፤ አሁንም መሃል ላይ ነች። አባቴ በወንበሮቹ መካከል አንገቱን አስግጎ ዓይኑን ከቀስቷ አልነቀለም። አናቱ ላይ ስንወጣ ሰዓቱ ሁለት ከሩብ ነበር።

ያኔ ወደ ኋላ ተመልሶ ተደገፈ።

«ዳገቱ አልነበረም» አላት እናቴን። «አራት ወር ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።»

ሲሟገት የከረመው ለጉድጓዱ እንዳልሆነ የገባኝ ገና ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱ የውሃው ከሆነ የእሱ መሆኑ ነው፤ ያን ሸሽቶ ነው። እንደዚያ በመናደዴ አፈርኩ።

እናቴ በዳበሳ ጉልበቱን አገኘችና እጇን አሳረፈችበት።

«እኔማ ያን ቀን እዚያው ዳገቱ ላይ ቆመን ነው ያወቅሁት» አለችው። «ይልቅ እስክንደርስ መንገዱን እይልኝ።»

አባቴ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየውን አንድ በአንድ ይነግራት ጀመር።