የቃሪያው ሌባና የመግቢያው ካሜራ

በመከር ወር የቡልጋሪያዋ ከተማችን ፕሎቭዲቭ የተጠበሰ ቃሪያ ትሸታለች። ሁሉም በረንዳው ላይ ይጠብሳል፣ ይልጣል፣ በብልቃጥ ሞልቶ ለክረምቱ ምድር ቤት ያስቀምጣል። ዘንድሮ የጋሽ ስታመን ቃሪያ ከሕንፃችን ምድር ቤት ተሰረቀ። ጋሽ ስታመን የሕንፃችን ኃላፊ ናቸው፤ ቃሪያውን የሚሠሩትም እናታቸው ይሠሩት እንደነበረው ስለሆነ ሐዘናቸው የምግብ ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ በየበሩ እያንኳኩ፣ «ቃሪያችንን የሚሰርቀውን ሌባ ለመያዝ ካሜራ ይተከል ወይስ አይተከል?» እያሉ ጠየቁ። ይተከል ያላለ የለም። የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ማዘጋጀት እንጀራዬ ነው፤ ጥያቄው መልሱን ይዞ እንደመጣም ገብቶኛል፤ ቢሆንም እንደዚያ አዝነው ደጄ ላይ ቆመው ሳያቸው እኔም ይተከል አልኩ።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ኔቬና ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«ስማኝማ ልጄ፣ ይሄ ካሜራ ምድር ቤት ነው አይደል የሚገባው?»

«ዋናው መግቢያ ላይ ነው እትዬ። የሚገባና የሚወጣው ሰው በሁላችንም ስልክ ላይ ይታያል፤ ወር ሙሉ ይቀመጣል።»

«እኔ እኮ ይተከል ያልኩት ለቃሪያው ነው።»

ጠጋ ብለው ነገሩን ነገሩኝ። ከጎን ካለው ሕንፃ ጋሽ ክሩም ማታ ማታ እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። እኔም ደረጃውን መብራት ሳያበሩ ሲወጡ ብዙ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። የእትዬ ኔቬና ባል ከሞቱ ቆይተዋል፤ ስድስተኛ ፎቅ የምትኖረው ልጃቸው ጌርጋና ግን የአባቷ ኮት ከእናቷ ቤት መስቀያ እንዲነሳ እንኳ አትፈልግም።

«መንገሩንስ እነግራታለሁ» አሉ። «ግን የምነግራት እኔ ነኝ፤ ስልኳ አይደለም።»

ስማቸውን ሳላነሳ ሌላ ጥያቄ ጽፌ ለጋሽ ስታመን ወሰድኩ፤ «ጎረቤቶችዎ እርስዎ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት፣ አብሮዎት ያለውንም ሰው ወር ሙሉ እንዲያዩ ይፈቅዳሉ?» መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ሌባው የታለ?»

«የቱ ሌባ?»

«የኔ ነዋ። ከጥያቄው አውጥተህ ጣልከው። እኔ ሌባውን ብቻ አሳየሁ፣ አንተ ደግሞ ሌባውን ሰረቅህ። ይሄን ነው ዩኒቨርሲቲ የተማርከው?»

እውነታቸውን ነበር። ወጥ ቤታቸው ተቀምጠን እየተጨቃጨቅን አንድ ወረቀት አወጣን። ስርቆቱን ጻፍን፤ ካሜራው የሚያየውን፣ ምስሉን ማን እንደሚያይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ጻፍን። ከዚያ ምርጫዎቹ፦ ዋናው መግቢያ ላይ፣ የምድር ቤቱ በር ላይ፣ ወይም የትም።

ሕንፃችን ስብሰባ የሚያደርገው መግቢያው ላይ፣ ከፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ቆሞ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም በእጅ ነው። ያን ቀን ግን በወረቀት እንዲሆን ጠየቅሁ።

«ምን ሊደበቅ ነው?» አለች ጌርጋና ከደረጃው ላይ። «የሚያፍር ካለ ይናገራ።»

እትዬ ኔቬና የፖስታ ሳጥናቸውን ከፍተው ባዶውን ማየት ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ስታመን፣ «ለከንቲባ ስትመርጪ መጋረጃ ውስጥ አይደል የምትገቢው? ያኔ ምን ሰርቀሽ ነው?»

ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ወረቀቶቹ ባዶ የቃሪያ ብልቃጥ ውስጥ ገቡ።

ያንን ሁሉ «ይተከል» የሰጠ ሕንፃ፣ አሁን አብዛኛው የምድር ቤቱን በር መረጠ። መግቢያውን የመረጡት ጥቂት ናቸው። ከእትዬ ኔቬና ሌላ ማን ምን ምክንያት እንደነበረው አላወቅሁም፤ ያልተጠየቀም ነገር ነው።

እሑድ እትዬ ኔቬናን ወደ ስድስተኛ ፎቅ ሲወጡ አየኋቸው። ክንዳቸው ላይ የባላቸውን ኮት አጥፈው ይዘዋል። እዚያ ቤት ምን እንደተባለ አልሰማሁም፤ በሩ ግን ለረጅም ጊዜ አልተከፈተም።

ከዚያ በኋላ አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ክሩም ከፊቴ ገቡ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ግድግዳውን ዳብሰው መብራቱን አበሩት።

«እንደምን አመሸህ» አሉኝ ዞር ብለው፤ ከዚያም ቀስ እያሉ ወጡ።