አድነው የገፋት ወንበር

ከመጀመሬ በፊት ልማል፤ ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ እውነት ነው። እንዲህ ስል የሚስቁ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ባለፈው ስለ ሜላረን ሐይቅ ዓሣ የነገርኳቸው ናቸው። የዓሣውን ተዉት። ይኼኛው ውሸት ከሆነ ግን በጥር ብርድ ጓንቴ ባቡር ላይ ተረስቶ ይቅር፤ እዚህ ስዊድን አገር ከዚህ የባሰ መሐላ የለም።

ሰውየው አድነው ይባላል። ሄሰልቢ፣ አረንጓዴው የቱነልባና ማለትም የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ደክሞት የሚቆምበት ዳርቻ፣ ከአክስቱ ከእትዬ ተዋበች ጋር ይኖር ነበር። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሰው ስልኩን ቤቱ ትቶ በሰላም የሚወጣበት። አድነው ቀን ቀን የአረጋውያን ቤት ወለል ይወለውላል፣ ማታ ማታ ኮምቩክስ ይማራል። ኮምቩክስ ማለት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ነው፤ አንድ ጊዜ ያመለጠህን ትምህርት በሽበትህ ታሳድደዋለህ። ሒሳቡንና ፊዚክሱን ከሥር ሲለቅም ሦስት ክረምት አለፈ። ክረምት ስል የእነሱን ነው፤ የእነሱ አንዱ የእኛን ሁለት ይወጣዋል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሊማር የፈለገው ስለ አየር ጠባይ ነው።

«ስዊድኖች ከአየር ጠባይ ሌላ ወሬ የላቸውም፤ ወሬያቸውን በዲግሪ ከያዝኩት ማን ይችለኛል?» ይላል ሲጠይቁት። ቀልዱን ነው እንጂ ነገሩ ከልቡ ነበር። የአረጋውያኑን መስኮት ሲወለውል እንኳ የሚያልፈውን ደመና በየስሙ እየጠራ፣ የትኛው ዝናብ እንደያዘ የትኛው ባዶውን እንደሚንጎራደድ እየለየ ነው።

የዩኒቨርሲቲው መልስ መጣ። «ገብተሃል» አይልም፣ «አልገባህም» አይልም፤ «ተጠባባቂ ነህ» ይላል። በመጀመሪያው ቀን ስም ሲጠራ ና፤ ከገቡት መካከል የቀረ ካለ ወንበሩ ያንተ፣ ከሌለ ደህና ግባ ማለት ነው። በተጠባባቂዎቹ ተራ አንደኛው ደግሞ እሱ።

እትዬ ተዋበች ይህን በሰሙ በመጀመሪያው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተነሡ። ማይኩን ጨበጡና «የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ!» አሉ። ጉባኤው «ሃሌሉያ!» ብሎ አስተጋባ። አድነው አግዳሚው ሥር ለመግባት ትንሽ ቀረው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልገባሁም!» አላቸው በር ላይ ጠብቆ።

«በእምነት ገብተሃል።»

«በወረቀትስ?»

«በወረቀቱ እነሱ ይድረሱበት።»

ከዚያ ወዲያ መቀመጫም መቆሚያም አጣ። ጉባኤው ሁሉ «ዶክተር» ይለው ጀመር። የመዘምራኑ ከበሮ መቺ ሞገስማ ባገኘው ቁጥር «ዶክተር፣ ነገ ጃንጥላ ልያዝ?» ሳይለው አያልፍም። እንግዲህ ያቺ ወንበር ከቀረች ሦስቱ ክረምት ውኃ በላቸው፤ ደመናዎቹም ከመስኮት ማዶ ሆነው ይቀራሉ፣ አድነውም ከመስኮት ወዲህ፣ ከነጨርቁ። ሞገስ የሚለውን ደግሞ ማሰብም አያስፈልግ።

ይህ ሁሉ እንዳይበቃው አድነው አንድ በሽታ ነበረበት። ይሉኝታ ይባላል፤ በእናት ጡት የሚተላለፍ ነው። ሲሰጡት እምቢ ይላል። ሰው ቤት ማዕድ ሲቀርብ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ሳይል እጁን ታጥቦ አያውቅም። ባገር ቤት ይህ በሽታ አይጎዳም፤ መድኃኒቱ አብሮ አለ። «በሞቴ» የሚል አለ፣ እጅ የሚጎትት አለ፣ የሚቆጣ አለ። እዚህ ግን የሚለምን የለም። በመጣ ሰሞን አንዲት ስዊድናዊት ጎረቤቱ ራት ጠራችውና የተድቦለቦለ ሥጋ በሙሉ ሰሃን አቀረበችለት። «ኧረ ጠግቤአለሁ» አለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ። «ጥሩ» አለችና ሰሃኑን አንሥታ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። ያ የፍሪጅ በር ሲዘጋ የሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ።

የስም መጥሪያው ጠዋት እትዬ ተዋበች ከሚሠሩበት ከሁዲንጌው ሆስፒታል ወጥ ቤት ፈቃድ ወስደው አብረውት ወጡ። «ብቻህን ብለቅህ ወንበሩን ለሰው ሰጥተህ ትመጣለህ» አሉት። ባቡሩ ግማሽ ባዶ ነበር። ቬሊንግቢ ጣቢያ ላይ አንድ ሸበቶ ስዊድናዊ ገባና፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ መጥቶ አጠገባቸው ዘፍ አለ። «እንደምን አደራችሁ፣ ወዴት ናችሁ?» አላቸው። ነገሩት። መልካም ዕድል ተመኝቶላቸው ወረደ። ከዚያ እትዬ ተዋበች መልሱን ያለማምዱት ጀመር።

«ወንበር አለ፣ ትፈልጋለህ? ቢሉህ?»

«ያ» አለ አድነው። በስዊድንኛ አዎ ማለት ነው።

«ይኼ ምንድነው፣ የታመመ ሰው ያ? ከሆድህ!»

«ያ!»

«እንዲህ ነው እንጂ! ስማ ልጄ፣ እዚህ አገር ሁለተኛ የለም። አንዴ ገፋህ፣ ፍሪጅ ገባ።»

የከተማው ማዕከል ጣቢያ ላይ ወርደው ቀዩን መስመር ያዙ፤ አዳራሹ ሲደርሱ የቀጠሮው ሰዓት ልክ ነበር። ገርበብ ያለውን በር ገፋ ቢያደርጉ፣ ወንበር እንጂ ሰው የለም። እትዬ ተዋበች ቦርሳቸውን ጣሉና እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ።

«አባት ሆይ፣ አንድ ብለምንህ ሁሉንም አስቀረህለት!»

ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ከተጻፈው ሰዓት ሩብ ሰዓት አሳልፎ እንደሚጀምር የነገራቸው ሰው አልነበረም። በስዊድን ምድር ከሐበሻ በቀር ሰዓት ያከበረ ሰው ያልተገኘበት ጠዋት ያ ብቻ ነው። ሩቡ ሲሞላ ተማሪው እንደ ግድብ ውኃ ለቀቀው። የገቡት ፊት ፊቱን፣ ተጠባባቂዎቹ የኋላውን መደዳ ያዙ። እትዬ ተዋበችም ከተጠባባቂዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ ማንም ምንም አላላቸውም።

ጉኒላ የምትባል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የመዝገብ ሹም መጥታ ስም መጥራት ጀመረች። «ያ» ይላል አንዱ። «ያ» ትላለች ሌላዋ። አድነው እያንዳንዱን ያ በጣቱ ይቆጥራል። ሊያልቅ ሲል፣

«ሊንድቤሪ?» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ሊንድቤሪ የለችም?»

«አትምጪ፣ እናቴ፣ ባለሽበት ይመችሽ» አሉ እትዬ ተዋበች በለሆሳስ።

ሊንድቤሪ አልመጣችም። ጉኒላ መነጽሯን አስተካክላ ወደ ኋላው መደዳ አየች። «አንድ ቦታ ተገኝቷል። አንደኛ ተጠባባቂ፣ አድነው፤ ቦታዋን ትፈልጋለህ?»

አድነው አፉን ከፈተ። ያ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ባቡሩን ሙሉ ሲለማመዳት የመጣት። ግን ምን ሆነ፣ ዞር ሲል ሌሎቹን ተጠባባቂዎች አየ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ማዕድ ላይ ያልተጋበዘ ሰው መስለዋል። በእነሱ ፊት ብቻውን ሊጎርስ? ያቺ ያ ተመልሳ ጉሮሮው ውስጥ ገባች።

«ኧረ ግድ የለም፣ እነሱ ይቅደሙ» አለ።

«ጥሩ» አለች ጉኒላ።

አድነው የፍሪጅ በር ሲዘጋ ሰማ። እትዬ ተዋበች ጭናቸውን መቱ። «አንተ ጉደኛ! ምን ብዬ ነበር? ምን ብዬህ ነበር?»

እዚህ ላይ ስለ ስዊድኖች አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለውን አታምኑኝም። ስዊድናዊ ሰሃን ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ብስኩት አይነካም። ቢብስበት ለሁለት ይቆርሳትና ግማሿን ይተዋታል። ቀጥሎ የሚመጣው ግማሿን ይገምሳታል። በመጨረሻ ፍርፋሪዋ ብቻዋን ሰሃኑ ላይ ደርቃ ትከርማለች። አድነው በሥራ ቦታው ስንቱን እንዲህ ያለ ፍርፋሪ ሲጠርግ ኖሯል።

ያቺም ወንበር የመጨረሻዋ ብስኩት ሆና አረፈችው። ሁለተኛው ተጠባባቂ፣ ላርስ የሚባል ቀይ ጢማም፣ «እ… ሌላ የሚፈልግ ሰው ከሌለ ብቻ…» ብሎ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሦስተኛዋ «ግማሿ ትበቃኝ ነበር» አለች። አራተኛው «እኔ እንኳ ብርድ ሸሽቼ ነው የገባሁት» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለች ወንበሯ መደዳውን ጨርሳ ያለ ባለቤት ተመለሰች።

ጉኒላ የመመዝገቢያዋን ቁራጭ ወረቀት አንሥታ አገላበጠች። ከዚያ በዚያ አገር ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረገች፤ ሁለተኛ ጠየቀች።

«አድነው፣ እርግጠኛ ነህ?»

አድነው ቀና አለ። ሁለተኛ! ግን ምን ያደርጋል፣ በእኛ ደንብ ሁለተኛውም ይገፋል። በሁለተኛው እሺ ያለ ሰው «ድሮም አሰፍስፎ ነበር» ይባላል፤ ወጉ በሦስተኛው ነው።

«እውነቴን ነው፣ ይቅርብኝ» አለ አፉ። ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ።

«እንግዲያው ቦታዋ ባዶ ትቀራለች» አለችና ጉኒላ እስክሪፕቶዋን አነሣች።

«በሞቴ!»

መስኮቶቹ ተንቀጫቀጩ። እትዬ ተዋበች ተነሥተዋል። የወንጌል አማኝ እንደማይምል ያውቃሉ፤ ከመጋቢው እኩል ያውቃሉ፤ ያን ቀን ግን ረሱት። የአዳራሹን ደረጃ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወረዱና ከጉኒላ እጅ የመመዝገቢያዋን ቁራጭ ወረቀት ላፍ አደረጉ። በሦስት ጣታቸው ጠቀለሏት። ያቺን ወረቀት ሲጠቀልሉ ያየ ወጥ ያለባት ይመስለዋል። ተመልሰው ወጡ።

«አፈር ስሆን! ተዋበች ትሙት! እምቢ ብትል አክስትህ አይደለሁም!»

«እትዬ፣ ኧረ በሕግ…» ሊል አፉን ሲከፍት ጎረሰ።

ጉርሻ ይሉኝታ አያውቅም። ሙሉ አፍ እምቢ አይልም።

«ምን እያደረጉት ነው?» አለች ጉኒላ ከመቀመጫዋ ተነሥታ።

«እምቢ እያለሽ አይደለም፣ እሺ እያለሽ ነው» አሉ እትዬ ተዋበች ወጥ ቤት በለቀሙት ስዊድንኛ። «እኛ እሺ የምንለው በሦስተኛው ነው። አንቺ ሁለቴ ጠየቅሽው፤ ሦስተኛዋን እኔ ጠየቅሁልሽ።»

ጉኒላ የአድነውን ጉንጭ አየች። ከከንፈሩ ጥግ ብቅ ያለችውን ወረቀት አየች፤ ጥርስ አርፎባታል። ወደ መደዳው ዞረች። «ይህችን… አሁን የሚፈልግ አለ?»

«የለም!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ላርስ ትከሻው ላይ የነበረ ድንጋይ የወረደለት ይመስል ማጨብጨብ ጀመረ፤ አዳራሹ ተከተለው። የተነከሰች ብስኩት የነካሿ ናት፤ በዚህ ላይ ሐበሻና ስዊድን አንድ ሕግ ነው ያላቸው።

«አድነው፣ እንግዲህ ቦታዋን ተቀብለሃል?»

«ያ!» አለ አድነው፣ በወረቀት አፉ። ከሆዱ ነበር። ከሄሰልቢ የተነሣችው ያ ደረሰች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብለው እትዬ ተዋበች የትምህርቱን ፕሮግራም ደግሞ መጠቅለል ሲጀምሩ፣ ጉኒላ በሁለት እጇ ይዛ አስጣለቻቸው።

እሑድ እንደገና ለምስክርነት ተነሡ። «በእምነት ያልኳችሁ በወረቀት ሆነ!» አሉ። ሞገስ ከከበሮው ኋላ ብቅ ብሎ «ወረቀቱስ የታለ?» ቢላቸው፣ «በላው» አሉት።

ይኸው ነው። ከፈለጋችሁ አድነውን ጠይቁት፤ ዛሬም ዝናቡን ቀድሞ ይነግራችኋል፣ ልንጋብዝህ ብትሉት ግን ሦስት ጊዜ መለመናችሁን አትርሱ። ምዬላችሁ መዋሸት ስለማልችል አንዲት ነገር ከራሴ እንደጨመርኩ ልመን። ጉርሻው አይደለም፣ ብስኩቱም አይደለም፣ እነሱ ልክ እንዳልኳችሁ ናቸው። ቬሊንግቢ ላይ የገባው ሰውዬ ነው። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ አጠገብህ መጥቶ የሚቀመጥና «ወዴት ናችሁ?» የሚል ስዊድናዊ አልነበረም። እሱስ አሁን ሳስበው በዛ።