ከላይ የመጣው ውሃ

አባታቸው ሲሞቱ መሬቱ ለሁለት ተከፈለ። የላይኛው፣ ተዳፋቱ፣ ለልብስ ሰፊዋ ደረሳት፤ የታችኛው፣ ለጥ ያለው፣ ለታላቅ ወንድሟ። ማንም አላጉረመረመም። ወንድሟ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጎን ያረሰ ሰው ነው፤ ደህናው ቢደርሰው ሲያንሰው ነው። እሷ ደግሞ ከተማ መሀል፣ ከአንድ ጫማ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ዕድሜዋን ያጋመሰች ናት። ሁሉም ድርሻዋን ታከራየዋለች ብሎ ነበር የጠበቀው።

አላከራየችም። አባቷ ታመው በተኙ ጊዜ ያሏት ነገር ከሆዷ አልወጣ ብሏት ነበር።

"ይኼ መሬት እኮ ሱሰኛ ሆኗል" ነበር ያሏት እየሳቁ። "ድሮ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ይበቃው ነበር። አሁን ሦስት ሰጥተሽውም ያዛጋል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ማሳው ላይ ወጥታ ዶማ ስታሳርፍበት፣ አፈሩ እንደ ሲሚንቶ አነጠረባት። ተንበርክካ አንድ ጓል ሰበረች። ትል የለው፣ ሥር የለው፣ ሽታ እንኳ የለው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ፐርማካልቸር የሚያስተምሩበት እርሻ እንዳለ የሰማችው ከአንዲት ደንበኛዋ ነው። ሄዳ ተመዘገበች። መሬቱን በየዓመቱ ሳያገላብጡ፣ ዛፉን ከአትክልቱ እያጎራበቱ፣ አፈሩን ገለባና ቅጠል እያለበሱ፣ ዝናቡንም የወደቀበት ቦታ እያስቀሩ ማልማት ነው ትምህርቱ። አሠልጣኟ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልድ አዋቂ ሴት ነበረች። "ውሃ እንግዳ ነው" ትላቸው ነበር። "አጣድፋችሁ ካስወጣችሁት ዕቃችሁን ይዞ ነው የሚሄደው።"

ልብስ ሰፊዋ ትምህርቱን ወደደችው። ግን ትምህርት ቤት ሊከፈት ሆነና የዩኒፎርሙ ትዕዛዝ ተቆለለ። የመጨረሻውን ሳምንት ቀረች።

"የቀረብሽ እኮ ዋናው ነው" አለቻት አሠልጣኟ በስልክ። "የቦይ ልኬት ነው።"

"ልኬት? ለእኔ?" ብላ ሳቀች። "ዓይኔ ሜትር ነው እኮ!"

በዓይኗ ለካች። ሠራተኛ ቀጥራ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ረጅም ቦይ አስቆፈረች፤ ከሥሩ ያለውን መሬት በገለባ አለበሰችው። ቁፋሮው ሊያልቅ ሲል ወንድሟ ከታች ብቅ አለ።

"አንቺ፣ ምንድን ነው ይኼ? ቀባሪ ሆንሽ እንዴ?"

"ቦይ ነው፣ ጋሼ። ዝናቡን ይይዝልኛል።"

ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሄደበት፤ ተመልሶም መጣ። "አዘንብሏል" አለ።

"የቱ ጋ?"

"በወዲያ በኩል። እኔ እንጃ፣ እንዲሁ ይታየኛል።"

"ለአንተማ ትራክተር ያላለፈበት ሁሉ ያዘነበለ ነው።"

ትከሻውን ነቀነቀና ወረደ። "ነግሬሻለሁ" ያለው ጀርባውን ሰጥቶ ነው።

ዝናቡ ሲጥል እሷ ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ቆርቆሮው እስኪያንባርቅ ወረደ። ደስ አላት። አሁን ቦዩ እየሞላ ነው፣ አሁን አፈሩ እየጠጣ ነው እያለች አንድ እጅጌ በስህተት አዙራ ሰፋች። ያንን ስትፈታ ስልኳ ጮኸ። የወንድሟ ሚስት ነበረች።

"ነይ" አለቻት። "ቶሎ ነይ።"

ቦዩ በዚያው፣ ወንድሟ ባለው በኩል ተደርምሷል። የተዳፋቱ ውሃ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ተጠራቅሞ፣ ጠርዙን ሰብሮ፣ ገለባዋንና አፈሯን ጠራርጎ ወንድሟ ማሳ ላይ ገልብጦታል። ለመነቀል የደረሰው ሽንኩርት ጭቃ ውስጥ ሰጥሟል። ወንድሟ እስከ ጉልበቱ ተውጦ በእጁ እየዳበሰ ያወጣል፤ ያወጣውን ጆንያ ላይ ያስቀምጣል።

"ጋሼ..." አለች።

"አትርገጪው" አለ ቀና ሳይል። "ከሥር የተረፈ ካለ አትርገጪው።"

ቢጮህባት በወደደች። ቢሰድባትም ትችለው ነበር። እሱ ግን ይዳብሳል።

ሱቋን ዘግታ ጭቃ ስትዝቅ ሰነበተች። ልፋቱ ከንቱ ነበር፤ የተለቀመውም ሽንኩርት ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ጆንያው ውስጥ በሰበሰ። ሽታው እቤታቸው ድረስ ገባ። የወንድሟ ሚስት ምሳ አቀረበችላት፤ ሳህኑን ስታስቀምጥ ግን "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለች፣ ለማንም እንዳላለች ሆና። ልብስ ሰፊዋ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰች።

"እክሳለሁ፣ ጋሼ። ምን ላድርግልህ?"

"ምን ልታደርጊልኝ ነው? ሽንኩርት ልትሰፊልኝ?"

ከዚያ በኋላ አላናገራት። ለዘር የሚሆነው ገንዘብ ከሽንኩርቱ ጋር ስለሄደ፣ ዝናቡ ሳያባራ ማሳውን ለአንድ አትክልት ነጋዴ አከራየ፤ ራሱ መጋዘን ጥበቃ ተቀጠረ። እንደ እሱ ያለ አራሽ የብረት በር ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል መባሉን ስትሰማ፣ መቀሱን አስቀምጣ ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች።

እርሻውን ልትተወው ወስና ነበር፤ የተሰበረውን ቦይ ግን እንዲሁ ጥላው መሄድ አልቻለችም። ነገ ደግሞ የሌላውን ሰው ማሳ ይወስዳል። ወደ አሠልጣኟ ተመለሰች።

አሠልጣኟ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማች። አላጽናናቻትም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችና ሁለት አጠና፣ ለአግዳሚ የሚሆን አንድ ቀጭን ጭቅና ገመድ አቀበለቻት። "በይ እሰሪ።"

አጠናዎቹን እንደ ተከፈተ መቀስ አድርጋ ጫፍ ለጫፍ አሰረች፤ መሀል ላይ ጭቁን አጋድማ እኩሌታው ላይ ምልክት አደረገች፤ ከላይኛው ጫፍ በገመዱ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ድንጋይ አንጠለጠለች። ገመዱ ጭቁን ምልክቱ ላይ ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ናቸው። ይዘውት አብረው ወደ ተዳፋቱ ወጡ። ችካል ትተክላለች፣ እንጨቱን ታዞራለች፣ ደግሞ ችካል። አንድ ችካል ላይ ዓይኗ "ዝቅ በይ" ሲላት ገመዱ "ከፍ በይ" አለ።

"ተሳስቷል" አለች።

"ቀና ብለሽ ያንን ኮረብታ እዪው" አለቻት አሠልጣኟ። "ዓይንሽ ሳያስፈቅድሽ ከእሱ ጋር ነው የሚያስተያየው። አሁን ማንን ታምኛለሽ?"

አሮጌውን ቦይ ደፍና በችካሉ መስመር፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄድ አዲስ ቦይ አስቆፈረች። ከሁሉ በፊት ግን ሞልቶ ቢፈስ በየት እንደሚወጣ ወሰነች፤ መውጫውን ከወንድሟ ማሳ አርቃ በድንጋይ ነጠፈችው። ሥራው ቀኑን በላባት፤ ደንበኞቿ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። ከተከለቻቸው ችግኞች የሚበዙት ደረቁ፤ ገለባውን ምስጥ በላው። የመጀመሪያው ቦሎቄ አንዲት ቅርጫት እንኳ አልሞላም። የሰፈሩ ሰው "ገለባ አምራቿ" የሚል ስም አወጣላት። ሳቀችላቸው፤ ቤቷ ገብታ ግን አልሳቀችም።

በተከታዩ ክረምት ዋናው ዝናብ ሲወርድ ሱቋ አልነበረችም። ላስቲክ ተከናንባ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆማ ዋለች። ውሃው መጣ፤ ሞላ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ተኛ። የተረፈው በድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ ወጣ። እፎይ ማለት ነበረባት። ዓይኗ ግን ከታች ከነጋዴው ማሳ ላይ አልነሣ አላት። እዚያ፣ በወንድሟ ቦታ፣ አንድ የማታውቀው ሰው ቆሟል።

ወንድሟ የመጣው በዕረፍቱ ቀን ነው። የጥበቃ ሸሚዙን እንደለበሰ ነበር። ሰላምታውን አጉተምትሞ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። ጎንበስ ብሎ እጁን ከገለባው ጉዝጓዝ ሥር ሰደደና ጥቁር ያለ እርጥብ አፈር ዘገነ። ጣቱ ላይ አንዲት ትል ተጠመጠመች። መልሶ አስቀመጣት።

"ይኼኛው ይዟል" አለ።

"ይዟል፣ ጋሼ።"

"ጥሩ ነው።" እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ሰው መማር ያለበት ግን በራሱ ማሳ ላይ ነው።"

ጎንበስ ብላ እሱ የገለጠውን ገለባ መልሳ አለበሰች። ከታች ሞተር ተነሣና የፀረ አረም መርጫው ድምፅ ተሰማ።

"የነጋዴው ጊዜ ሲያልቅ ትመለሳለህ?" አለችው።

"እኔ እንጃ። ደመወዙ በወሩ ይመጣል። ዝናብ ጣለ አልጣለ አልልም።" ወደ ታችኛው ማሳ አየና፣ "እንቅልፌን ግን አላገኘሁትም" አለ።

"እቤት ገብተህ አንድ ነገር ቅመስ።"

"ሌላ ቀን።"

በድንጋዩ መውጫ በኩል ወረደ፤ አንድ የተፈነቀለ ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰ፤ ዞር ሳይልም ሄደ። እሷ ከዓይኗ እስኪሰወር ቆመች። ከዚያ ምስጡ ያራቆተውን ቦታ ልታለብስ ገለባዋን ታቅፋ ወጣች።