ሙቀቱ በየት በኩል ይውጣ

ዓብዱን ኩራቱ ራቱ ነው ይሉታል፤ ሐሰት አይደለም። ከወረኢሉ በአንድ ጋቢ መጥቶ፣ ጨርቃ ጨርቅ ነግዶ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሠራ ሰው ካልኮራ ማን ይኩራ? ያውም ከፊት ለፊቱ ወፋፍራም ዓምዶች ያሉት ቤት! በ1990 ዓ.ም. በዚያ መንገድ ላይ ዓምድ የነበረው የእሱ ቤት ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ሲያይለት ደስ ይለው ነበር።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ዓምዶቹ ጣሪያውን በልተውታል። ገንዘቡ እነሱ ላይ አለቀና ጣሪያው ዝቅ ብሎ ተመታ። የሰፈሩ ግንበኛ መኩሪያ፣ "ኧረ ኮርኒሱን ከፍ እናድርገው፣ ቆርቆሮው ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ይቀቅለዋል" ቢለው፣ "አንተ ግንብህን ገንባ" ነበር መልሱ። ከዚያ ወዲህ መኩሪያ በዚያ ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው።

የፎቁ መኝታ ቤት የተሠራው ለዓብዱ እናት ነው። ወይዘሮ ሉባባ ባላቸው ሞቶባቸው ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ፣ "እናቴን ከሰው ሁሉ በላይ አስቀምጣታለሁ" ብሎ ምሎ ነበር፤ አስቀመጣቸውም። መጋቢት ሲገባ ግን እናት "አገሬ ናፈቀኝ፣ መልሰኝ" ማለት ጀመሩ። ዓብዱ ቤቱን የጠሉበት መሰለው።

አንድ ቀን ረስቶት የሄደውን ቁልፍ ሊወስድ በቀትር ቢመለስ፣ እናቱን ከደረጃው ሥር ሰሌን ላይ ተጋድመው አገኛቸው። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ያራግባሉ።

"እማ! ሐኪሙ ቀን ቀን ጋደም በይ ያለሽ እዚህ ነው እንዴ?"

"አብሽር፣ ሰሌን ናፍቆኝ ነው።"

ዓብዱ ወደ ላይ ወጣ። ቀን ቀን ሱቅ ስለሚውል ክፍሉን በፀሐይ አይቶት አያውቅም ነበር። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚገባው ግን የቆርቆሮው ወላፈን ነው። ጥቂት ቆሞ በላብ ተጠመቀ። እናቱ የልጃቸውን ስጦታ ላለመንቀፍ ስንት ጊዜ ዝም ብለው እንደተቃጠሉ ሲያስብ አፈረ።

በማግስቱ እናቱን ይዞ ቦሌ መንገድ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄደ። ኤር ኮንዲሽነር እንደሚፈልግ ሲናገር ሻጩ ተስፋጽዮን ሳቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ለድሬዳዋ ነው?" አለው።

"ለሲኤምሲ!" አለ ዓብዱ ቆጣ ብሎ።

ከቦታ ቦታ የሚገፉ፣ ጎማ ያላቸው ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ውሃ እየተሞላበት የሚነፍስ፣ ሁለተኛው ከኋላው ወፍራም ቱቦ የተቀጠለበት። ዓብዱ ወዲያው ቱቦ የሌለውን መረጠ። በመስኮት ቱቦ ብቅ ካለ መኩሪያ ምን እንደሚል ያውቃላ።

ወይዘሮ ሉባባ መዳፋቸውን በዕቃው ፊት ዘረጉ። "ይሄስ ወጨፎ ነው" አሉ።

"እውነትዎን ነው እማማ" አለ ተስፋጽዮን። "እርጥበት ይረጫል እንጂ ሙቀቱን አያስወጣም።"

ወደ ሁለተኛው ዞሩ። ከፊቱ የወረኢሉ ጠዋት ይነፍሳል። ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላው ሄደው እጃቸውን ቱቦው አፍ ላይ ቢያደርጉ ፈጃቸው።

"ይሄ ሁሉ ሙቀት የት ሊሄድ ነው?"

"በመስኮት ወደ ውጭ ነው፣ እማማ።"

"ውጭ ማን አለ?"

ተስፋጽዮን ግራ ገባው። ዓብዱ ግን ፈጠን ብሎ፣ "በጓሮው መስኮት እናወጣዋለን፣ ማንም አያየው" አለ።

"የጓሮው መስኮት ከጎረቤታችን ከወርቄ መኝታ ፊት ለፊት አይደለም? የጣሪያችንን ውሃ እንኳ ጎረቤት ላይ አናወርድም፤ ጭራሽ እሳት ልተፋባት? በፊት ለፊት ይውጣ። ካልሆነ ይቅር፣ አገሬ ስደደኝ።"

ዓብዱ ዓምዶቹን አሰበ፣ መኩሪያን አሰበ። ከዚያ እናቱ የሌሉበትን ቤት አሰበ። ባለቱቦውን አስጫነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቱቦው በዓምዶቹ መካከል አፉን ከፍቶ ወጣ። መኩሪያም ዓብዱ እንደፈራው መጣና ቀና ብሎ ቆመ። በሩ ላይ የነበረው ዓብዱ፣ የጭስ ማውጫ ነው ሊል ምላሱን ሲያሾል፣ እናቱ ከላይ በመስኮት ብቅ አሉ።

"መኩሪያ! አየኸው? ሞቀኝ ሳልለው፣ ልጄ አውቆ ያመጣልኝ ነው! ወረኢሉን እዚሁ አመጣልኝ፣ እንግዲህ የትም አልሄድ!"

ዓብዱ ያዘጋጀውን ውሸት ተወው። ደስታው ዓይኑን አረጠበው።

"ነግረኸኝ ነበር" አለው መኩሪያን፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ጣሪያው ይሞቃል ብለኸኝ ነበር፤ አልሰማሁህም።"

መኩሪያ ባርኔጣውን አነሳና፣ "ዓምዶቹ ግን ያምራሉ" ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ዓብዱ አሁንም አመሻሽ ላይ በሩ ላይ ይቆማል። አላፊ አግዳሚው አሁንም ቀና ይላል፤ የሚያየው ግን ቱቦውን ነው። ዓብዱም ማንም ሳይጠይቀው፣ "የእናቴ ነው" ይላል።