የታናሿ ስም

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ባለው የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ባነሩ የተሰቀለው ማክሰኞ ዕለት ነው። «ከመስከረም ጀምሮ ልጆችዎን አትሌት ጸሎት ወዬሳ ታሠለጥናለች!» ይላል። ከጽሑፉ ጎን የዋጋነሽ ፎቶ አለ፤ የነሐስ ሜዳሊያ አጥልቃ፣ ባንዲራ ለብሳ፣ ጥርሷን ፈልቅቃ።

ዋጋነሽ ባነሩን ቆማ አየችውና ስሙ ላይ ስትደርስ ፊቷን አዞረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተረከዟ ጅማት ተበጥሶ ሩጫ ካቆመች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጦር ኃይሎች የከፈተችው የስፖርት ልብስ ሱቅ በሰባት ወሩ ተዘግቷል። ቤት አሻሽጣለሁ ብላም ሞክራ ነበር፤ አንድ በር እንኳ ሳታሻሽጥ ጫማዋን ጨረሰች። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከመሮጥ በቀር የምታውቀው ሥራ የለም። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሸዋረጋ ቤቷ ድረስ መጥተው «አንቺን የመሰለ ስም ይዘን ማን ወላጅ ይቀርብናል?» ብለው ሲለምኗት ዓይኗ እንባ ሞላ። እሺ አለች። ስሙን ከየት እንዳመጣችው ግን አልነገረቻቸውም።

ያመጣችውማ ከገዛ እህቷ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሳንሱሲ ሲኖሩ፣ ዋጋነሽ ሃያ ሁለት ሞልቷት ለወጣቶች ውድድር ዕድሜዋ አልፎ ነበር። ማናጀሯ ማርቆስ እናቷ ቤት መጣና ሻዩን ፉት እያለ የአሥራ ስድስት ዓመቷን ታናሿን የጸሎትን የልደት ሰርተፊኬት ጠየቀ። «ለአንድ ውድድር ብቻ ነው እማማ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በዚያ ወረቀት ፓስፖርት ወጣ። ዋጋነሽ ጸሎት ሆና ሮጠች፤ ሦስተኛ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል? ጋዜጠኛውም ባንኩም ጸሎት አሏት። በሽልማቱ ቀራንዮ ቤት ተገዝቶ ሲገቡ፣ አዲሱ ሰፈር ግራ እንዳይገባው እውነተኛዋን ጸሎት ሚሚ ይሏት ጀመር። ሚሚም ሚሚ እንደሆነች ቀረች።

ዋጋነሽ ቤት ስትገባ ሚሚ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ትጠብቃት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እቤት ሆና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች።

«ባነሩን አየሁት» አለች ሚሚ። «ትምህርት ቤቱ አዲሱን ዲጂታል መታወቂያ አምጪ ብሎሻል አሉ።»

«ነገ እመዘገባለሁ።»

«በማን ስም?»

ዋጋነሽ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ማሰሪያው እንቢ አላት።

«ዋጌ፣ አምና ፓስፖርት ላወጣ ሄጄ ‹በዚህ ሰርተፊኬት ወጥቷል› ሲሉኝ ትቼ የወጣሁት ለማን ብዬ ነው? አንቺ እንዳትታሰሪ ነው። ወረቀት ይቀየራል እያልኩ ዝም አልኩ። ለዚህ መታወቂያ አሻራሽን በኔ ስም ከሰጠሽ ግን እኔ በቃ የለሁም።»

«ሥራውስ? በሠላሳ አራት ዓመቴ ምን ልሁን? እስቲ ንገሪኝ! ያ ሜዳሊያ እኮ ጥፍሬ የተነቀለበት ነው!»

«ሜዳሊያውን ማን ጠየቀሽ? ስሜን ነው ያልኩሽ።»

ያኔ ዋጋነሽ መናገር የሌለባትን ተናገረች። «ይሄን መኪናስ ማን ገዛልሽ?»

ሚሚ መኪናዋን አየች፣ እህቷን አየች። «ጸሎት» አለችና ወደ ስፌቷ ዞረች።

ዋጋነሽ አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ አናደዳት። እናታቸው በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡትን የራሷን የልደት ሰርተፊኬት ከቁም ሳጥን አወጣችና ከፓስፖርቱ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የትኛውን እንደምታሳይ ገና አልቆረጠችም።

በማግስቱ ጠዋት ወረዳው ግቢ ስትደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሯል። ሚሚ ቀድማት ልትመዘገብ መጥታ ፊት አካባቢ ቆማለች፣ ሰርተፊኬቷን በደረቷ ይዛ። ዋጋነሽ ጭራ ላይ ልትቆም ስትል አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ ለይተዋት ጮኹ።

«አትሌት ጸሎት አይደለሽ እንዴ? ላገር የሮጠችማ አትሰለፍም! አሳልፏት ጎበዝ!»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ስልኩን አወጣ። አይ የኛ ሰው፣ ሲያከብር እንኳ እየገፋ ነው። እየገፉ ወደ ፊት ወሰዷት። በሩ ጋ ሲደርሱ ሰውዬው ሚሚን በክንዳቸው ገለል አደረጓት። «አንቺ ልጅ፣ ለጸሎት ቦታ ልቀቂላት እንጂ!»

ሚሚ ለቀቀችላት፤ አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ ሄደች። ዋጋነሽ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያላየችውን ያን ጊዜ አየችው፤ ልጅቷ መልቀቅ ለምዳለች።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል «ስም?» አለች።

«ጸሎት ወዬሳ ናት! አታውቂያትም?» አሉ ሰውዬው ከበሩ ሆነው።

ሠራተኛዋ መጻፍ ጀመረች።

«አይደለም» አለች ዋጋነሽ። ላስቲኩን ፈትታ ሰርተፊኬቱን ዘረጋችው። «ዋጋነሽ። ዋጋነሽ ወዬሳ።»

በሩ ጋ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አየች፣ ፊቷን አየች፣ የጻፈችውን አጠፋች።

«ሥራ?»

አትሌት የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ግን ዋጋነሽ የምትባል ሴት የትም ሮጣ አታውቅም። ሜዳሊያ የላት፣ የተመዘገበ የሩጫ ሰዓት የላት፣ ፎቶ የላት። ባነሩም ዛሬ ከሰዓት ይወርዳል፤ ወይዘሮ ሸዋረጋ ጋ ሄዳ ራሷ ልትነግራቸው ነው። ለፓስፖርቱ ደግሞ አንድ ቀን የሚጠይቃት ይመጣል። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«ሥራ ፈላጊ» አለች።

አሥሩንም ጣቶቿን ሰጠች። ከዚያ ተነስታ ወደ ሰልፉ ወጣች። ሚሚ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ጸሎት!» ብላ ጠራቻት። «ጸሎት፣ ነይ፣ ተራሽ ነው።»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ያየው ዋጋነሽን ነው። ሚሚ ቀና አላለችም፤ የተጠራችው እሷ መሆኗን አላወቀችም።

ዋጋነሽ ድጋሚ ጠራቻት።