መንጋጋው ሳይሆን እግሩ

የቴኒስ ራኬታችሁን ክር የወጠረላችሁ ሰው ማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ኳሷ መረብ ውስጥ ስትቀር ራኬቱን ትረግማላችሁ፤ ክንዳችሁን ሲያማችሁ ሐኪም ዘንድ ትሄዳላችሁ፤ ክሩ ሲበጠስ አዲስ ታስወጥራላችሁ። በአንድ ቤት ምድር ቤት ጎንበስ ብሎ ክር በቀዳዳ ሲያሾልክ የሚውል ሰው መኖሩ ትዝ አይላችሁም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ደክሞኛልና ለስላሳ ቃል መምረጫ ጊዜ የለኝም።

ዶሪን ሺሜትስኪ እባላለሁ። የምኖረው ኢሪ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ዝናብ መስከረም ሳይጋመስ መስኮት መምታት በሚጀምርበት ሰፈር። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክርክር አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ያላሰቡበትን ነገር ጮክ ብለው የሚናገሩ ልጆችን ሳርም እውላለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አወልቅና ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ። ባሌ ሊዮን የገዛው የራኬት መወጠሪያ ማሽን ያለው እዚያ ነው።

ሊዮን ሲሞት ሰው ሁሉ ምግብ በሳህን ይዞ መጣ፤ ሳህኑንም ሊወስድ አንዴ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ደጄን ማንኳኳት ያላቆሙት የትምህርት ቤቱ ቴኒስ ቡድን ልጆች ብቻ ናቸው። ሊዮን ራኬታቸውን ይወጥርላቸው ነበርና አሁን የሚወጥርላቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ አፈሩ መሰለኝ፣ ራኬቶቹን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እኔም ወጠርኩ። እንደዚህ ነው የተጀመረው። ያንን ማሽን ቢወስዱብኝ ደጄን የሚያንኳኳው ፖስተኛው ብቻ ይሆናል።

ማሽኑ ውስብስብ አይደለም። ራኬቱ ክብ ገበታ ላይ በጀርባው ይተኛል። ዘንግ ላይ የተሰካ ከባድ ብረት ይወርድና ክሩን ይስባል። ከዚያ በመቆንጠጫ ክሩን ትይዙታላችሁ፤ ብረቱን አንስታችሁ ቀጣዩን ክር እስክትስቡ ድረስ ውጥረቱን የሚጠብቀው መቆንጠጫው ነው። መቆንጠጫው ከላይ ክር የሚነክስ መንጋጋ፣ ከታች ደግሞ በሐዲድ ላይ የሚሄድና በማንሻ የሚቆለፍ እግር አለው። ይኸው ነው። ሰው የተዋረደው በዚህች ብረት ነው።

ነገሩ የጀመረው በትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ነው። አሠልጣኟ ታሚ ብሮካው በዝናብ እየሮጠች መጣችና የመኪናዬን መስታወት አንኳኳች።

«ዶሪን፣ እባክሽ እንዳትቆጪ።»

«በዚህ የተጀመረ ወሬ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። በይ ተናገሪ።»

«ከቡድናችን ልጆች ጆሲ ክርኗን አሟታል። እናቷ ራኬቱን የቴኒስ ክለቡ ሱቅ ወስዳ የክሩን ውጥረት አስለካች። ላልቷል አሏት። ያውም እኩል አልላላም፤ አንዱ ጥግ ደህና ነው፣ ሌላው ጥግ ሞቷል። ልጅቷ ኳሷን ለማድረስ ከአቅሟ በላይ ትመታለች።»

«እና እኔ ነኝ ያሳመምኳት?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«እናቷስ?»

ታሚ ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች ወደ አስፋልቱ አየች። «በወላጆች ስብሰባ ልታነሳው ነው። እስከዚያ ራኬቶቹን ክለቡ ይወጥራቸው፤ ከዚያ እናያለን።»

«እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔን አታስረዱኝ። ክርክር ነው የማስተምረው።

ቤቴ ገብቼ ሳልበላ ተቀመጥኩ። ማሽኑን የነደፈውና የሚሸጠው ሜርል ሃውግስታድ የተባለ ሰው ነው። በየቤታቸው ራኬት የሚወጥሩ ሰዎች የሚገናኙበትን የኢንተርኔት መድረክ የሚያስተዳድረውም እሱው ነው፤ ማለትም ዕቃውንም ይሸጣል፣ ስለ ዕቃው የሚወራውንም ይዳኛል። እዚያ ገብቼ በጨዋ ደንብ ጻፍኩ፤ ብረቱን ሳነሳ ክሩ ከመቆንጠጫው ያመልጣል፣ ምን ላድርግ?

የሃውግስታድ መልስ ሳይውል ሳያድር መጣ። «ከእኔ መንጋጋ ክር አምልጦ አያውቅም። ያመለጠው የእመቤቲቱ እጅ ነው። ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ እማማ!»

መድረኩ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ «የሹራብ መርፌዋን አስቀምጣ ትሞክረው» አለ። ሌላው ክር የተጠመጠመባትን ድመት ፎቶ ለጠፈ። የጆሲ እናት ይህን አንብባ ለታሚ አሳየቻት፤ ታሚም አንብባ ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረች። የሰማሁት ከሌላ አስተማሪ ነው፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሾርባዬን በማንኪያ ይዤ።

እሺ፣ ጠበቅ አደረግኩት። መንጋጋውን በጉልበቴ አጠበቅኩ። ክሩ ተጨፈለቀ፤ የተነከሰበት ቦታ ነጭ ጠባሳ አወጣ፤ ውጥረቱ ግን እንደ በፊቱ ላላ። የበለጠ አጠበቅኩ። ለሙከራ የወጠርኩት የራሴ ራኬት የጋራዡን በር በኳስ ትንሽ እንደመታሁበት እዚያው ጠባሳው ላይ ተበጠሰ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ የተበጠሰውን ክር ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያን ጊዜ እንኳ አልተናደድኩም። ደክሞኝ ነበር። «ምናልባት እጄ ይሆናል» አልኩ ለራሴ። እዩት እንግዲህ፣ አንድ ሰው በአደባባይ ሲስቅባችሁ የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው። በገዛ እጃችሁ ላይ ያስመሰክራችኋል።

ቅዳሜ ድዋይት መጣ። ድዋይት የሊዮን ታላቅ ወንድም ነው፤ ባቡር ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ቤቴ ሲገባ የማያንኳኳ፣ ስለማያውቀው ነገር ከሚያውቀው አብልጦ የሚናገር ሰው ነው። ፔፐሮኒ ቋሊማ የተጋገረበት ዳቦና የዝንጅብል ለስላሳ በጣሳ ይዞ ወረደ።

«ምነው ፊትሽ? የሞተ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ የሞትኩት። ዳቦውን እዚያ አስቀምጠው።»

ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየው። ሐዲዱን በጣቱ ዳበሰ። «ደርቋል! ይሄ ብረት እኮ በጥም ሞቷል፣ መምህርት።» ከኪሱ የዘይት ብልቃጥ አወጣ። ሌላ ሰው በኪሱ መሀረብ ይዞ ይዞራል፣ ድዋይት ዘይት ይይዛል። በእኛ ከተማ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዘይት ይቀባል፤ የቤተ ክርስቲያን በር እንኳ ሲጮህ ምዕመናኑ ከመዝሙሩ ቀድመው ዘይት ይፈልጋሉ። ላስቆመው አቅሙ አልነበረኝም። ቀባው። መቆንጠጫው ሐዲዱ ላይ ወዲያ ወዲህ እንደ በረዶ ሸርተቴ ሄደ።

«አየሽ?» አለ በኩራት።

ከዚያ የወጠርኩት ራኬት ይብስ ላልቶ የመረብ አልጋ ሆኖ ወጣ። ተኙበት ቢባል ያስተኛል።

«ድዋይት! ምን አደረግክ?»

«እኔ? ዘይት ብረት ጎድቶ አያውቅም!»

«ከመንጋጋዬ ክር አምልጦ አያውቅም፣ ዘይት ብረት ጎድቶ አያውቅም! እናንተ ወንዶች በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ጎድቶ የሚያውቅ ነገር ሠርታችኋል?»

«በይ አትጩኺብኝ። ዳቦሽን ብዪ።»

ያኔ ነው ንዴቱ የመጣልኝ፤ ንዴት ደግሞ ለእኔ እንደ መነጽር ነው። ተማሪዎቼን የማርምበትን ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ክሩን ሳብኩ፣ ቆነጠጥኩ፣ ከመንጋጋው ከንፈር ጫፍ ላይ በክሩ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ክሩ ካመለጠ ነጥቡ ከመንጋጋው ይርቃል። ብረቱን አነሳሁ። ክሩ ላላ። ነጥቡ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ክሩ አላመለጠም ነበር። ሃውግስታድ እውነቱን ነበር። ይህን የምጽፈው ጥርሴን እያፋጨሁ ነው።

«ታዲያ የት ሄደ?» አልኩ። «ውጥረቱ የት ሄደ?»

ድዋይት ዳቦውን እያኘከ ጎንበስ አለ። «ድገሚው እስቲ።» ደገምኩት። ብረቱን ሳነሳ ሳቁ አፈነው፣ ፍርፋሪው ማሽኑ ላይ ተረጨ። «ይንፏቀቃል! ሙሉው መቆንጠጫ! እዪው፣ ቆሞ መሄድ እንዳልጀመረ ሕፃን በቂጡ ይንፏቀቃል!»

ሐዲዱን በመቆንጠጫው እግር ጥግ ላይ በቀይ አሰመርኩ። እንደገና ሳብኩ፣ ቆለፍኩ፣ ለቀቅኩ። እግሩ ከመስመሩ በጥቂቱ ተንፏቅቆ ቆመ። የመንጋጋው ንክሻ አስተማማኝ ነበር፤ ነካሹ ራሱ ነው ከነክሩ የሚጎተተው። እኔ «ያመልጣል» ብዬ ጠየቅኩ፣ ሰውየው «አያመልጥም» ብሎ መለሰ፤ ሁለታችንም በአንድ ቃል ላይ ተቀምጠን ስለ ሁለት ብረት ስንጨቃጨቅ ነበር። ተማሪዎቼን በየዓመቱ «መጀመሪያ ቃሉን ፍቱ» እያልኩ አደነቁራቸዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ማሽኑን የነደፍኩት እኔ አይደለሁም። ውጥረት በሁለት መንገድ ብቻ እንደሚጠፋ፣ ወይ በመንጋጋው ወይ በእግሩ እንደሆነ፣ ከእኔ ይልቅ ማወቅ የነበረበት ማን ነው?

የድዋይትን ዘይት በአልኮል ጠረግኩት፤ እሱ ልጁን በጥፊ የመታሁበት ይመስል ፊቱን አዞረ። ተሻለ፣ ግን አልዳነም። መቆንጠጫውን አውልቄ እግሩን ወደ ብርሃኑ ያዝኩት። ብረቱ የተፋቀው በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው። እግሩ ሐዲዱ ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም፤ በጥፍሩ ነው የሚቆመው። ባዶውን የለስላሳ ጣሳ በመቀስ ቆረጥኩ፤ ጣቴንም አብሬ ቆረጥኩ። ቁራጩን አጥፌ ከእግሩ ሥር አስገባሁ፤ ወፈረና ማንሻው አልዘጋ አለ። ሳይታጠፍ ነጠላውን አስገባሁ። ዘጋ። መንጋጋውን ደግሞ አላላሁ፣ ክሩን እንዲይዘው እንጂ እንዳያኝከው። ሳብኩ፣ ቆለፍኩ፣ ለቀቅኩ። ቀዩ ነጥብ በቦታው፣ ቀዩ መስመር በቦታው። ክሩን በጥፍሬ ነካሁት፤ ጮኸ።

«ጣሳው የእኔ ነው» አለ ድዋይት። «ይመዝገብልኝ።»

ጆሲ ራኬቷን አምጥታ ያስወጠረችኝ ከእናቷ ተደብቃ ነው፤ ልትወስደውም ተደብቃ መጣች። ክንዷ አሁንም በፋሻ ስለነበር በግራ እጇ ኳሷን በቀስታ የጋራዡ በር ላይ መታች። ቆም ብላ አዳመጠች።

«ሚስስ ሺሜትስኪ፣ ድምፁ ተመለሰ እኮ!»

ታሚን ጠርቼ ሁሉንም አሳየኋት፤ ጣሳውን፣ ነጥቡን፣ መስመሩን። አምናኛለች፣ ይህን አልክድባትም። ግን እጆቿን አጣምራ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ አምንሻለሁ፣ ዶሪን። የጆሲ እናት የምታምነው ግን ሰውየውን ነው። ማሽኑን የሠራው እሱ ነው፣ ጥፋቱ የእጅሽ ነው ያለውም እሱ ነው። 'እጇ አይደለም፣ እግሩ ነው' ብሎ እዚያው ቢጽፍ ስብሰባው ላይ አነበዋለሁ፣ ነገሩም ያልቃል። ካልጻፈ ግን ራኬቶቹ ወደ አንቺ አይመለሱም። ከወላጆች ጋር ልጋጭ አልችልም።»

ስለዚህ እንደገና መድረኩ ላይ ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ቃሉን ፈትቼ፦ መንጋጋው ይይዛል፣ እግሩ ይንፏቀቃል፣ መፍትሔው ይህ ነው፣ ፎቶውም ይኸው። ማታ የለጠፍኩት ጽሑፍ ጠዋት አልነበረም። በፈንታው ከሃውግስታድ በግል የተላከልኝ መልእክት አገኘሁ። እንደ ድሮ ጓደኛ በስሜ ነው የጠራኝ። ብልህ ሴት እንደሆንኩ፣ አዲሱ መቆንጠጫቸው ከእግሩ ሥር ስስ ሰሌዳ እንዳለው፣ አንድ ጥንድ በስጦታ እንደሚልክልኝ፣ ነገሩን በአደባባይ ማራገብ ግን ለማንም እንደማይበጅ ጽፎልኛል።

ስጦታው መጣ። ሣጥኑን ከፈትኩት። ሰሌዳው የተቀመጠው የድዋይት ጣሳ በተቀመጠበት ቦታ ነው። አዲሱ ዕቃ በእኔ ፎቶ ማግሥት አልተሠራም፤ ቀድሞ ያለቀ፣ የታሸገ፣ የተቀባ ነው። እማማ ብሎ ሲስቅብኝ ሰሌዳው በእጁ ነበር።

«ውሰጂው እንጂ» አለኝ ድዋይት። «ነጻ ነገር ተገኝቶ!»

«ነጻ አይደለም። አፌን ሊገዛበት ነው።»

«አፍሽን? በዚህች? ሰውየው ኪሳራ ላይ ነው።»

በዚያ ሳምንት ከልቤ የሳቅኩት በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ሣጥኑን መልሼ በፕላስተር አሸግኩት። አሁንም ደረጃው ሥር ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ጣሳው ነው።

ታዲያ ይህን ሃውግስታድ ሊሰርዘው በማይችልበት ቦታ፣ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ጻፍኩት። ራኬት የምትወጥሩ ሁሉ፣ ዛሬ በየምድር ቤታችሁ መንጋጋ እያጠበቃችሁ ክር የምትጨፈልቁና እጃችሁን የምትጠረጥሩ፣ እግሩን እዩት። ደክሟችሁ ይሆናል፤ እኔም ደክሞኛል። እጃችሁ ግን ደህና ነው።

እርስዎ ግን፣ ሚስተር ሃውግስታድ፣ በግል አይጻፉልኝ። ስጦታ አይላኩልኝ። በስሜም አይጥሩኝ። የወላጆች ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ ታሚ የምታነበው ነገር ትጠብቃለች፣ እኔም በረንዳዬ ላይ ራኬት እጠብቃለሁ። የሸጡልን መቆንጠጫ እግሩ ይንፏቀቃል ወይስ አይንፏቀቅም? ሲስቁብኝስ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? እማማ ባሉኝ በዚያው መድረክ፣ የሳቁት ሁሉ እያነበቡ፣ ስምዎን ከሥሩ ጽፈው ይመልሱ።